በበቆሎ ላይ የዘረጋሁት ሰርግ

እኔን ብሎ ዕቃ ጠባቂ! የራሴን መቀነት የት እንደጣልኩ የማላውቅ ሴትዮ፣ የሰው ካሴት ልጠብቅ ብዬ ተቀበልኩ። መጀመሪያውኑ ምን ጥልቅ አደረገኝ? ፊደል አልቆጠርኩ፣ ዴክና ራዲዮ ለይቼ አላውቅ። ይቺን ነገር ለባሌ ሳልነግረው ሞተ። ለፓስተራችንም አልነገርኩም። እናንተ አታውቁኝም፤ ለማያውቅ ሰው መናገር ይቀላል መሰለኝ። እኔ ስናገር የልጅ ልጄ ትጽፋለች፤ ገና ካሁኑ ፊቷ ጠቁሯል።

ጎረቤቴ ታደለች አንድ ልጇን አስቴርን ስትድር ከሚዛን ከተማ ቪዲዮ የሚያነሳ ሰው አስመጣች። በሰፈራችን የመጀመሪያው ነበር። እኔ ደግሞ፣ አፈር በበላሁ፣ ካሜራው ወዴት እንደሚያይ ምን አውቄ! ማንም ያላየኝ መስሎኝ ከትሪው ላይ ትልቅ ቁራጭ ስጋ ላፍ አድርጌ በነጠላዬ ጠቀለልኩ። ለውሻዬ ነው ብል ማን ያምነኛል? ለራሴ ነበር።

ካሴቱ ሲደርስ ዴክ ያለው አንድ ቤት ነበርና ሰፈሩ ሁሉ እዛ ተሰብስቦ አየ። እጄ ወደ ትሪው ስትሄድ ቤቱ በሳቅ ተናጋ። «መልሰው! እንደገና መልሰው!» ይሉታል የዴኩን ባለቤት። ይመልሰዋል፤ እጄ እንደገና ትሰርቃለች። እኔም አብሬ ሳቅኩ። በሰው መሳቅ የለመድኩት እኔ ነኛ፤ በኔ ሲሳቅ ግን አንጀቴ አረረ። ገበያ ስወጣ እንኳ «እስቲ ነጠላሽን ፍቺው፣ እንፈትሽሽ» ይሉኝ ነበር።

የታደለች ቤት ያኔ ሳር ነው፣ ያፈሳል። የአገራችንን የሸኮን ዝናብ የኖረበት ያውቀዋል፤ አልጋ ስር ያስቀመጥከው ጫማ ሻጋታ አብቅሎ ይጠብቅሃል። «አንቺ ቆርቆሮ አለሽ፣ ሳጥንሽ ውስጥ አኑሪልኝ» ብላ ካሴቱን በጨርቅ ጠቅልላ ሰጠችኝ። አመነችኝ። ሌባ መሆኔን በቪዲዮ አይታ እንኳ አመነችኝ!

በቆሎዬ ሲያፈራ ወፍ ፈጀብኝ። በኛ አገር ሰው የካሴት ክር ከእንጨት እንጨት ወጥሮ ወፍ ያባርራል፤ ነፋስ ሲነካው ያብለጨልጫል፣ ዝዝዝ ይላል። ያኔ ነው ሳጥኑን የከፈትኩት። የተበላሸ የዘፈን ካሴት ለምኜ አላገኝም ነበር? አገኝ ነበር። ወፉ ሰበብ ነው። እኔ ያቺን እጄን ላጠፋ ነው የፈለግኩት። ካሴቱን በድንጋይ ሰብሬ ክሩን ጎተትኩት፣ ጎተትኩት፣ ማለቂያ የለውም። አስቴር በሕይወት አለች፣ እዛው ማዶ ውሃ ትቀዳለች። ሙሽራዋ ራሷ እያለች ፊልሙ ለማን ይጠቅማል? አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት፣ ማንም አላለኝም። ሰርጓን በበቆሎዬ ላይ ዘረጋሁት። ታደለች እንኳ ስታልፍ አይታ «ጥሩ ያብለጨልጫል» አለችኝ። ፀሐይና ዝናብ ጨረሰው።

በዓመቱ አስቴር ልጇን ቤዛን ስትወልድ ሞተች።

«አሁን አይቼው አልችልም» አለችኝ ታደለች፤ «ልጅቷ እስክታድግ አንቺ ጋ ይቀመጥ።» ያኔ ብናገርስ? አልተናገርኩም። ገበያው አጠገብ የነበረው ቪዲዮ ቤት ሲዘጋ ከጣላቸው ካሴቶች አንዱን አንስቼ በዛው ጨርቅ ጠቀለልኩት። ክረምት በገባ ቁጥር ታደለች ከአጥሩ ማዶ «ልጄን ዝናብ አልነካብኝም?» ትለኛለች፤ ካሴቱን ማለቷ ነው። «ደረቅ ናት፣ አታስቢ» እላታለሁ። እየሳቅኩ ነው የምዋሸው ደግሞ። ስንት ክረምት!

ቤዛ አደገችና ቴፒ ካምፓስ ገባች። ሚዛን ያለ አንድ ፎቶ ቤት የድሮ ካሴት ወደ ፍላሽ ይገለብጣል ሲሏት ሮጣ መጣች። ፍላሽ የሚሉት አውራ ጣት የምታህል ነገር ናት፤ ሰርጉ በሙሉ እሷ ውስጥ ይገባል አለችኝ። አንዱን ፍላሽ ላይ፣ አንዱን ስልኬ ላይ፣ አንዱን ኮምፒውተር ላይ አስቀምጣለሁ፣ ከዛ በኋላ አይጠፋም አለች። «ፎቶው ላይ ሁሉ እናቴ አፏን ገጥማለች፤ ስትስቅ ምን እንደምትመስል አላውቅም» አለች። ያንን ጥቅል አንስቼ ሰጠኋት። እነዚሁ እጆቼ!

ከሰዓት በኋላ በዝናብ ረጥባ ተመለሰች። የፎቶ ቤቱ ሰውዬ የካሴቱን ክዳን ከፍቶ ክሩ ላይ የተጋገረውን ነጭ ሻጋታ አሳይቷታል። ቀድመሽ ብታመጪው ይተርፍ ነበር ብሏታል። አለቀሰች፣ አለቀሰች፣ ከዛ እኔን ማጽናናት ጀመረች። «እማማ፣ ጥፋቱ የዝናቡ ነው፤ እርስዎ የቻሉትን ጠብቀዋል።» እርስዎ አለችኝ! ያኔ መሬት ለምን አልዋጠኝም?

ቀጥላ ስልኳን ፊቴ አደረገች። «እርስዎ ብዙ ጊዜ አይተውታል። እናቴ ምን ታደርግ እንደነበር ይንገሩኝ፣ ድምፅዎን ልቅዳው።»

አፌን ከፈትኩ። ስንት ጊዜ አየሁት? ግን ያየሁት እጄን ብቻ ነው። አስቴር ስትገባ እንዴት ትራመድ ነበር? አላውቅም። ሲዘመርላት አለቀሰች ወይስ አላለቀሰችም? አላውቅም። ፈጥሬ ላውራ? ለውሸት እንኳ ማን ብሎኝ። አፌ ግን እምቢ አለ። አንዲት ነገር ብቻ መጣችልኝ፦ እጄ ስጋውን ነጠላዬ ውስጥ ስትከት አስቴር ከጎን አይታኛለች፤ ቬሎዋን አፏ ላይ ይዛ፣ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ትስቃለች። ልጅቷ የምትፈልገው ሳቅ እዛው ነበር፣ እኔ ላጠፋው በጎተትኩት ክር ላይ።

ይቺን ነገርኳት። ከዛ የቀረውንም፦ ድንጋዩን፣ በቆሎውን፣ የውሸት ጥቅሉን። ስልኩ ሁሉንም ቀዳ። ቤዛ ስልኳን አንስታ ወደ አያቷ ቤት ሄደች። እንግዲህ የእናቷ ሳቅ ጠፍቶ የኔ ሌብነት ሊቀመጥላት ነው።

አልተማርኩምና አላወቅኩም አልልም። ለማፈር ፊደል አያስፈልግም። ይቅርታም ከናንተ አልለምንም፤ የበተንኩት የናንተን ሰርግ አይደለም።

በማግስቱ ታደለች አጥሩ ጋ መጣች። እንደ ልማዴ በቀልድ ልቀበላት አፌን ሳላቀና ቀደመችኝ።

«ስጋውንስ አንቺ በላሽው። ልጄን ለምን ለወፍ ሰቀልሽብኝ?»