ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ከስድስተኛ ክፍል ወዲህ እስክሪብቶ የያዝኩት ለመፈረም ብቻ ነው። ሰው ፊት መናገር ስለማልችል ነው የምጽፈው፤ ያን ቀን መናገር ብችል ኖሮ ይህን መጻፍ ባላስፈለገኝ ነበር።

ሀዋሳ፣ አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ውስጥ፣ ጧሪ የሌላቸው አረጋውያን የሚኖሩበት አንድ በቤተ ክርስቲያን የሚተዳደር ግቢ ነበር። ሠራተኛ የሚያገናኝ ኤጀንሲ እኔንና ሌላ አንዲት ልጅን በጊዜያዊነት ወደዚያ ላከን። ከሁለታችን አንዳችን ቋሚ እንደምትሆን ከመጀመሪያው ተነግሮናል። ቋሚ ለሆነች ሴት ግቢው ውስጥ አልጋ ይሰጣታል። እኔ ደግሞ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ፣ ወንድሜ ቤት፣ ከመጋረጃ ጀርባ ነበር የምተኛው። ሚስቱ ክፉ ሰው አይደለችም፤ ግን ከሥራ ስገባ «መጣሽ?» የምትልበት አባባል ነበራት። ስለዚህ እኔ የፈለግኩት ከደሞዙ ይልቅ አልጋውን ነበር።

እንድከባከባቸው የተሰጡኝ እማማ ድሮ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ይነግዱ የነበሩ፣ አሁን ከወገባቸው በታች የማይንቀሳቀሱ ሴት ናቸው። ምላሳቸው ግን ደኅና ነበር። ሳጎርሳቸው «አንቺ ልጅ፣ ይሄ ገንፎ ነው ወይስ ሲሚንቶ?» ይሉኛል። ዝም ስል ደግሞ «አንቺን የሚያገባ ሰው አስቀድሞ ሬዲዮ ይግዛ!» ይሉና ራሳቸው ይስቃሉ።

ሳጥባቸው ግን ሌላ ሰው ይሆኑ ነበር። የመጀመሪያ ቀን ልብሳቸውን ስገልጥ ነጠላቸውን ሳብ አድርገው ዓይናቸውን ሸፈኑ። በዚያ ዕድሜ በልጅ ልጅ እኩያ እጅ መገላበጥ ምን እንደሆነ ገባኝ። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። በማግስቱ አልተሸፈኑም። ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ እንደዚያ አደረግኩ፤ ግድግዳ ግድግዳውን እያየሁ፣ የመኝታ ቁስል እንዳይወጣባቸው ጀርባቸውን በጣቴ እየዳሰስኩ አጥባለሁ። እሳቸውም አልጠየቁኝም፣ እኔም አልነገርኳቸውም። ሥራ ስንጀምር ያሠለጠነችን ነርስ ግን «ቆዳ የሚታየው በዓይን ነው» ብላን ነበር።

የሙከራ ጊዜያችን ሲያልቅ ግምገማ ተጠራ። ያኔ በነበረው መንግሥት ጊዜ ግምገማ የሌለበት ቦታ አልነበረም፤ ቀበሌውም፣ ጤና ጣቢያውም፣ ትምህርት ቤቱም ይገመገም ነበር። የግቢያችን አስተዳዳሪ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት የመጡ ስለነበሩ ልምዱን ይዘውት መጡ። መጀመሪያ አንዱ ይነሳና የራሱን ድክመት ይናገራል፤ ግለ ሂስ ይባላል። ከዚያ ሌላው ይተቸዋል። የኤጀንሲው ሰውዬ ቀድሞ መክሮናል፦ «ድክመት የለብኝም እንዳትሉ። የለብኝም ያለ ትዕቢተኛ ነው ይባላል። ትንሽ ነገር ፈልጋችሁ ስጧቸው።»

መመገቢያ አዳራሹ ውስጥ ወንበር ተደረደረ። ስብሰባው በጸሎት ተከፈተ። አብራኝ የተላከችው ጓደኛዬ ቀድማ ተነሳች።

«የኔ ድክመት» አለች፣ አንገቷን ደፋ አድርጋ፣ «ሥራ ከያዝኩ ምሳዬን እረሳለሁ። አረጋውያኑን ሲያማቸው ደግሞ እንባዬን መቆጣጠር ያቅተኛል።»

«ይሄማ መታረም አለበት! አንቺም ብትሆኚ እኮ ሰው ነሽ፣ ምሳሽን ብዪ እንጂ» አሉ አስተዳዳሪው። ሰው ሁሉ ሳቀ። ዘበኛው ሳይቀር «ተባረኪ!» አላት።

ለካ ድክመት የሚነገረው እንደዚህ ነው። እኔ ሳስብ የሰነበትኩት እውነተኛውን ነበር፤ ነርሷ እዩ ብላን እኔ አለማየቴን። ተነሳሁ።

«ሳጥባቸው… ፊቴን አዞራለሁ» አልኩ።

«አልሰማንም። ድምፅሽን ከፍ አድርጊ።»

«እማማን ሳጥባቸው ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞራለሁ።»

«ለምን?» አሉ አስተዳዳሪው።

ለምን እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ዘበኛው ተቀምጧል፣ ሹፌሩ ተቀምጧል፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል። የእማማን እፍረት በምን አፌ እዚያ መሃል ላውጣው? መሬት መሬቱን አየሁ።

«ትጸየፊያቸዋለሽ ማለት ነው» አሉ። ዝም ስል ዝምታዬን እንደ አዎንታ ወሰዱት።

«እኔም አይቻታለሁ» አለች ጓደኛዬ ከተቀመጠችበት። «ለመናገር ከብዶኝ ነው እንጂ።»

እውነቷን ነው፣ አይታኛለች። አንድ ቀን ሳሙና ልታቀብለኝ ገብታ በዓይኗ «ምነው?» ስትለኝ፣ እኔም በዓይኔ ወደ እማማ አመለከትኳት። ራሷን ነቅንቃ ወጣች። ገብቷት ነበር። እስከ ዛሬ «ገብቷት ነበር» ነው የምለው።

አስተዳዳሪው በመጨረሻ ግልጽነቴን አመሰገኑ። ነገር ግን አረጋዊ የሚጸየፍ ሰው እዚህ ግቢ ቦታ የለውም አሉ። ተጨበጨበ። ለግልጽነቴ ይሁን ለመባረሬ እስካሁን አላውቅም።

አልጋው ለጓደኛዬ ሆነ። እኔ ጋውኔን አጣጥፌ አስረከብኩና እማማን ልሰናበታቸው ሄድኩ። ጓደኛዬ ከክፍላቸው ስትወጣ በር ላይ ተገናኘን።

«ለምን እንደምትሄጂ ነግሬያቸዋለሁ፤ አንቺ እንዳትቸገሪ ብዬ ነው» አለችኝ። ትከሻዬንም መታ መታ አደረገችኝ።

እማማ በጀርባቸው ተኝተው ጣሪያውን ያያሉ። እጃቸውን ልስም ጎንበስ ስል እጃቸውን ብርድ ልብሱ ውስጥ ከተቱት። ክፍሉ ውስጥ ከእኛ በቀር ማንም አልነበረም፤ ዘበኛ የለ፣ ሹፌር የለ፣ ሽማግሌ የለ። አፌን ከፈትኩ። ያን ጊዜ እንኳ ቃሉ አልወጣልኝም።

«አንቺ ልጅ» አሉኝ፣ «ገላዬ ይህን ያህል ካስጠላሽ መጀመሪያውኑ ለምን አልነገርሽኝም? እየተጸየፍሽ ከምታጥቢኝ፣ ሳልታጠብ ብቀር ይሻለኝ ነበር።»