የበጀት ጉድለት በሰንበቴ ቤት

«ልማታዊ መንግሥት» ከአፋችን በማይጠፋበት ዘመን ነው። እኔና ተሾመ የወረዳው ፋይናንስ ባለሙያዎች ነበርን። ስለ አገሪቱ የበጀት ጉድለት ልናስረዳ ቀየት ወደምትባል የመንዝ መንደር ሄድን። እሑድ ነበርና ሕዝቡን ያገኘነው ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴ ቤት ነው። እንግዶች ናቸው ተብለን ከላይ ተቀመጥን፤ ጠላም ተቀዳልን።

«ጉድለቱ የመጣው ግብር ስለተቀነሰ ነው» ብሎ ጀመረ ተሾመ።

«የለም! ወጪው ስለበዛ ነው» አልኩ፣ ሰው ፊት መሆናችንን ረስቼ።

እልህ ተጋባን። እሱ ሲናገር እኔ እጎነጫለሁ፤ እኔ ስናገር እሱ ይጎነጫል። መንዝ ደግሞ የእንግዳ ዋንጫ ጎድሎ አይታይም፤ አሳላፊው ከአጠገባችን አልራቀም። አባላቱ ዋንጫቸውን ይዘው ያዩናል። በክርክሬ የተመሰጡ መስሎኝ ድምፄን ጨመርኩ።

በመጨረሻ የሰንበቴውን መሪ፣ ‹ሙሴ› የሚሏቸውን ጋሽ ደምሴን፣ «እስቲ እርስዎ ይፍረዱን» አልናቸው።

ተነሡና ገንቦውን ዘቅዝቀው አሳዩን። ጠብ የሚል የለም።

«ልጆቼ፣ ሁለታችሁም እውነት ብላችኋል» አሉ። «ለጠላው ገብስ ያላዋጣችሁትም እናንተ፣ የጠጣችሁትም እናንተ። አባሉ ገና አፉን አላረጠበም።»