«ጨምሯል» ያልኳት ቀን

ይህን ነገር ለሚስቴ አልነገርኩም። ለፓስተሩም አልነገርኩም። ለብቻዬ ስጸልይ እንኳ ዘልዬው ነው የማልፈው። አንተ የምታነበው ሰው አታውቀኝም፤ ለዚህ ነው ለአንተ መናገር የቀለለኝ። ይኸው፦ ልጄን ዋሽቼ ከትምህርት ያስቀረኋት እኔ ነኝ።

ምዕራብ ዓባያ የሙዝ ደላላ ነበርኩ። በደላላ አፍ «ጨምሯል» ማለት ውሸት አይባልም፤ ሰላምታ ነው። ገዢ መጣ፣ ጨምሯል። ገበሬ ጠየቀ፣ ቀንሷል። ማንም ተነስቶ አያጣራም። እኔ ይህን ቃል ነው ቤቴ ይዤ የገባሁት።

ልጄ አስቴር አሥራ ሁለተኛን ስትጨርስ ነጥቧ ለመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በጥቂቱ ጎደለ። ከከተማው ላይኛው ሰፈር፣ ሴቻ ላይ ቅርንጫፍ የከፈተ አንድ የግል ዩኒቨርሲቲ ነበር፤ እዚያ አካውንቲንግ ልትማር ተስማማን። የዚያ ወቅት የሙዝ ገንዘብ እጄ ላይ ነበር። ምዝገባው በሚዘጋበት ቀን ግን ወባ ጣላት። ጋቢ ውስጥ እየተንቀጠቀጠች ማስረጃዎቿን በፌስታል ሰጠችኝና «አባባ፣ አንተ ሂድልኝ። ክፍያው እንደ ዓምናው ከሆነ አስመዝግበኝ። ካልገባህ ጠይቃቸው» አለችኝ። ማንበብ እንደማልችል ታውቃለች፤ «ካልገባህ» ያለችው እኔን ላለማሳፈር ነው።

ሄድኩ። በሩ ላይ ወረቀት ተለጥፎ ሰው ከቦታል። ዘበኛውን ክፍያው ስንት ነው ብዬ ብጠይቀው «አባት፣ አፍንጫህ ስር ተለጥፎ የለ! ዓይንህን ሸጠኸው ነው እንዴ የመጣኸው?» አለኝ። ወጣቶቹ ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ወረቀቱ ፊት ቆምኩና እንደሚያነብ ሰው ራሴን ነቀነቅሁ። ከዚያ ተመለስኩ።

አፍሬ ነው ልበል? አፍሬ ነበር። ግን ሀፍረቴ በሩ ላይ ቀረ። ወደ ታችኛው ሰፈር ወደ ሲቀላ በሚወርደው ሚኒባስ ውስጥ እፎይ ብዬ ነበር። ቆርቆሮ እያሰብኩ ነበር። የጎረቤቶቼ ቤት ሁሉ ቆርቆሮ ሲለብስ የእኔ ሣር ነው፤ ለሴት ልጅ ወረቀት ከምከፍል ጣሪያ ይሻለኛል ስል ከርሜያለሁ፣ በሆዴ። ዘበኛው ባይሰድበኝ ሌላ ሰበብ አላጣም ነበር።

ቤት ስገባ ቀና አለች። «ጨምሯል» አልኳት።

«ስንት ገባ?»

«ብዙ።»

በኪሎ ለሃምሳ ሳንቲም ከሰው ጋር የምተናነቅ ሰው «ብዙ» ብዬ ዋጋ ጠራሁ። እሷም አመነችኝ። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ብዙም ሳይቆይ ቆርቆሮው ተመታ።

ሲሻላት ሲቀላ ጅምላ የሚሸጡ አንድ ሐጂ ዘንድ ተቀጠረች። ራሷ አጠራቅማ በዓመቱ ብትሄድ እውነትም ጨምሯል። ደግማ አጠራቀመች፤ ደግሞ ጨመረ። መመዝገቢያው፣ በክሬዲት የሚሉት ነገር፣ ሁሉም። እሷ በእግሯ፣ ክፍያው በመኪና። ተመልሳ ስትመጣ የምትለው ነበር የሚገድለኝ፦ «አባባ፣ አንተስ ቀድመህ ነግረኸኝ ነበር።» እኔ የዋሸሁትን ዓመታቱ እውነት እያደረጉልኝ ሄዱ። በመጨረሻ አገባች፣ ወለደች፣ መጠየቁንም ተወች።

ቤተ ክርስቲያናችን ለጎልማሶች ፊደል ማስተማር ስትጀምር አስተማሪዋ ማን ትመስልሃለች? አስቴር። ጣቴን ይዛ «ቀስ፣ አባባ፣ ይቺን ቁልቁል ሳባት» እያለች ያስጻፈችኝ እሷ ናት። ይህን የምጽፍበት እጅ የእሷ ሥራ ነው። በእያንዳንዱ ፊደል ላይ ልነግራት እችል ነበር። አልነገርኳትም።

ከዚያ አንድ ቀን ለቅሶ ቤት ተቀምጠን ጎረቤቴ ታደሰ የዩኒቨርሲቲውን የዘንድሮ ክፍያ ያማርራል። የእሱ ልጅ በዚያው እኔ በሸሸሁበት ዓመት ነበር የተመዘገበው። «የእኛ ልጅ ሲገባ እኮ ከዓምናው ሰባራ ሳንቲም አልጨመሩም! ያበዱት ከዚያ ወዲህ ነው» አለ። አላወቅሁም ነበር ልበል? እንዳላውቅ ነበር ከዚያ በር የሸሸሁት።

ባለፈው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አስቴር ለምስክርነት ተነሳች። ለልጇ መማሪያ ማጠራቀም መጀመሯን ተናገረችና «አባቴ ሊያስተምረኝ ተነስቶ ዋጋ አሸነፈው» ብላ እኔን እያየች አለቀሰች። ጉባኤው አሜን አለ። እኔም አሜን አልኩ። ድምፄን ከፍ አድርጌ።

የመጀመሪያውን ሳልማር ዋሸሁ እንበል። ይህን አሜንስ? ክፍያው በየዓመቱ ስንቱን የድሃ ልጅ ከበር እንደሚመልስ አውቃለሁ፤ ሲመለሱም አይቻለሁ። የእኔን ልጅ ያን ቀን የመለሳት ግን ክፍያ አይደለም። እኔ ነኝ።

አንተን ይቅርታ አልጠይቅም፤ አንተን ምን በድዬህ? ይህን ለእሷ ራሴ አነብላታለሁ፣ እየተንተባተብኩም ቢሆን። ቁጣዋን አልፈራም፤ ይገባኛል። የምፈራው ገና ግማሽ ላይ ስደርስ፣ እንዳላፍር ብላ፣ እጄን ይዛ «ተወው አባባ፣ ይበቃል» እንዳትለኝ ነው።