የአባቴ ቃላትና የማይነቃው ላፕቶፕ

አባቴ ከመምህርነት ጡረታ ከወጡ በኋላ ሸዋ ሮቢት ቤታቸው ሆነው አንድ ሥራ ያዙ፤ ከእናታቸው የሰሙትን የአርጎባ ቋንቋ ቃላት በላፕቶፕ መጻፍ። ከቤተሰባችን ቋንቋውን የሚያውቅ ከእሳቸው በቀር አልቀረም። ላፕቶፑ የእኔ አሮጌ ነው። አዲስ አበባ ፕሮግራመር ስለሆንኩ ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነ ነፃ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ጭኜ ሰጠኋቸው።

ችግሩ የሚመጣው ለሰላት ሲነሱ ነው። ክዳኑን ሲዘጉት ማሽኑ ይተኛል፤ ተመልሰው ሲከፍቱት ግን ስክሪኑ እንደጠቆረ ይቀራል። በግድ አጥፍተው ሲያስነሱት ሴቭ ያላደረጉት ሁሉ የለም። ቶሎ ቶሎ ሴቭ እንዲያደርጉ በስልክ ብነግራቸውም ይረሱታል።

"የጠፋውን ቃል ደግሜ ስፈልገው ከአፌም ይጠፋል" አሉኝ አንድ ቀን።

ለኢድ ስወርድ በረንዳው ላይ ይዤው ተቀመጥኩ። ሙቀቱ ጣቴን ከቁልፎቹ ጋር ያጣብቀው ነበር። አስተኛዋለሁ፣ አይነቃም፤ አጥፍቼ የሲስተሙን መዝገብ አነባለሁ። መዝገቡ ማሽኑ እስኪተኛ ያለውን ብቻ ይዟል፤ ሲነቃ ምን እንደገጠመው አንዲት መስመር የለም። ስለዚህ የሲስተሙ እምብርት የሆነው ከርነል ዕቃዎቹን የሚያዝባቸውን ድራይቨሮች አንድ በአንድ እያወጣሁ ሞከርኩ። የዋይፋዩን ሳወጣ ነቃ። ለካ የዋይፋዩ ካርድ ከእንቅልፉ ሳይነሳ ድራይቨሩ ከእሱ መልስ ይጠብቃል፤ መልስ ስለማይመጣ ሁሉም እዚያው ቆሞ ይቀራል። የድራይቨሩን ኮድ አስተካክዬ ከርነሉን እንደገና ኮምፓይል አደረግሁት፤ ማሽኑ ወደሚረዳው ቋንቋ ለወጥኩት ማለት ነው። መብራት ሁለት ጊዜ ሄዶብኝ ከሰዓቱን ሁሉ ፈጀ።

አባቴ አንድ ቃል ጽፈው ክዳኑን ዘጉና የመግሪብ ሰላታቸውን ሰግደው መጡ። ሲከፍቱት ቃሉ እንዳለ ነው። ከሥሩ ሌላ ቃል ጻፉ።

ክረምቱ ሳይገባ ስትሮክ መታቸው። ቀኝ እጃቸው አልታዘዝ አለ፣ አንደበታቸው ተያዘ። ስደርስ እህቴ ላፕቶፑን አልጋቸው አጠገብ አምጥታ፣ "የጻፉትን አንብብላቸው፣ ደስ ይላቸዋል" አለችኝ።

ማንበብ ጀመርኩ። ገና በመጀመሪያው ቃል፣ ልክ አይደለም ለማለት ራሳቸውን ነቀነቁ። ፊደላችን የሚጠብቀውን ከሚላላው አይለይም።

"አባ፣ ላጥብቀው?" አልኳቸው።

አጥብቄ ስደግመው ዓይናቸውን ጨፍነው ገለጡ። ልክ ነው ማለታቸው ነበር። እንዲህ እያልን ጥቂት ሄድን። አንዳንዱን ባጠብቀውም ባላላውም አይሆንም፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም፣ እንባቸው ይወርዳል። ያኔ እህቴ በቃ ትለኛለች።

ገና ግማሹ ላይ ሳንደርስ አረፉ። የቀሩትን አሁንም አንዳንድ ጊዜ አንዴ አጥብቄ አንዴ አላልቼ አነባቸዋለሁ።