የሕማማት እንቁላል

በሺህ ዘጠኝ መቶ አርባዎቹ መጨረሻ፣ ዲክሲስ ከተማ አስተማሪ ሳለሁ፣ በእንቁላል ሰበብ ሚስቴን ገና ሳላገባት ላጣት ነበር። ፋሲካ በደረሰ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

ከከተማው በታች ቄጤማ የሚበቅልበት ረግረግ አለ። ክንፋቸው ሰማያዊ የሆነ ዝዮች እዚያ ይፈለፍላሉ። ለፋሲካ ቄጤማው ሲታጨድ ጎጇቸው አብሮ ስለሚሄድ በየዓመቱ እያነሱ መጡ። «ጠርዙን አጭዳችሁ መሃሉን ተዉላቸው» ብዬ ብለምን ሰሚ አጣሁ። የአጨዳው አለቃ ጋሽ በየነማ፣ «መምህር፣ ለወፍ ብለን ፋሲካን በባዶ መሬት እንዋል?» ብለው ሳቁብኝ። ልጃቸውን ጽጌን ለማግባት ሽማግሌ ልኬ መልስ እየጠበቅሁ ስለነበር መከራከር አልደፈርኩም።

የጸሎተ ሐሙስ ዕለት ከታጨደው መሃል፣ እናቲቱ ጥላው የሸሸች ጎጆ አገኘሁ። እንቁላሎቹን ቤቴ ወስጄ በጋቢ ጠቀለልኩና እንዲሞቃቸው ከከሰል ምድጃው አጠገብ አኖርኳቸው። አንዱን አንስቼ ጆሮዬ ላይ ስለጥፍ፣ ጋሽ በየነ ከፊቴ ቆመዋል። በሕማማት ሰላምታ የለምና ዝም ብለው ነው በሩን ገፍተው የገቡት።

«በሕማማት እንቁላል!»

«ኧረ ጋሼ፣ ውስጡ ጫጩት አለ! ሲንጫጫ ይሰማል!»

«ጭራሽ ከነነፍሱ!» ብለው እያማተቡ ወጡ።

ሳይመሽ ከተማው ሁሉ ጾም ገዳፊ አለኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ጋሽ በየነ ቄጤማ ራሳቸው ላይ አስረው፣ የላክኋቸውን ሽማግሌዎች አስከትለው መጡ። «ለገዳፊ የምሰጠው ልጅ የለኝም» ብለው ሳይጨርሱ ከጋቢው ውስጥ ጩኸት ተሰማ። ጫጩቶቹ ሌሊቱን ተፈልፍለዋል። ጋሽ በየነ ለማየት ጎንበስ ሲሉ ቄጤማው ከራሳቸው ወደቀ። አንዷ ጫጩት እየተንገዳገደች ሄዳ እላዩ ላይ ተኛች።

«አቦ፣ ይኸው ምስክሩ ራሱ መጣ!» አሉ አንዱ ሽማግሌ። ሁሉም ሳቁ።

ጋሽ በየነ ግን አልሳቁም። «ለካ አልጋቸውን ነው የምናጭደው» አሉ ቀስ ብለው።

ጫጩቶቹን ያን ቀን ወደ ረግረጉ መለስናቸው። ዝይቱም እየጮኸች ተቀበለቻቸው። በዓመቱ አጨዳ ሲደርስ ጋሽ በየነ ዱላ ይዘው ከረግረጉ ዳር ቆሙ፤ «መሃሉን የነካ ወዮለት!» ይላሉ። የሠርጋችንን ዳስ እንኳ በባሕር ዛፍ ቅጠል ነው ያስጎዘጎዙት። ዝዮቹም ከዓመት ዓመት እየበዙ መጡ።

ነፍሳቸውን ይማርና፣ ጋሽ በየነ ካረፉ ቆይተዋል። እኔ ግን ዛሬም በጾም ወራት ገበያ ላይ እንቁላል ትኩር ብዬ ካየሁ፣ ጽጌ «አባባ ከኋላህ ቆመዋል!» ትለኛለች። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ዞር እላለሁ።