ምስር የምታህል ቀዳዳ

ባለፈው ቅዳሜ ሜሮን የካ አባዶ ድረስ መጣች። የደምሴ ልጅ ናት። አባቷ ከሞተ ወር ሞልቶታል፤ ለአርባው የምትታደል አነስተኛ መጽሔት እያዘጋጀች ነው። አራት ፎቅ ደረጃ ወጥታ ትንፋሿን ሳትሰበስብ ከቦርሳዋ አንድ ፖስታ አወጣች።

«እትዬ አስካለ፣ ይሄ ከአባዬ ወረቀቶች መሀል ተገኘ። ጽሕፈቱ የእሱ አይደለም። ምን እንደሆነ ያውቃሉ?»

መዳፍ የማይሞላ ጥቁር ወረቀት ነው። መሀሉ ላይ ምስር የምታህል ቀዳዳ አለችው። ጥጉ ላይ በነጭ እርሳስ «ወደ ፀሐይ» ይላል። ጽሕፈቱ የእኔ ነው።

ሻይ ላፍላልሽ ብዬ ተነሳሁ። ማድቤት ገብቼ ውሃው ፈልቶ ግማሹ እስኪተን ቆምኩ።

ኢሕአዴግ አዲስ አበባ ከገባ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። እኔ ጉርድ ሾላ አካባቢ ኬሚስትሪ ሳስተምር ቆይቼ ለሁለተኛ ዲግሪ ዩኒቨርሲቲ የተመለስኩ የሃያ ዘጠኝ ዓመት ሴት ነበርኩ። ደምሴ ፊዚክስ ነው ያጠናው፤ ሳቅ የማያልቅበት፣ ሰው ሁሉ የሚወደው ሰው። አማካሪያችን አንድ ሥራ ላይ አጣመረን። ዛሬ ጣሪያ ላይ የሚታየው ሶላር ከሲሊከን ይሠራል፤ የእኛ ግን ከካርቦን ሞለኪውል ተሠርቶ እንደ ቀለም መስታወት ላይ የሚቀባ ነበር። ሞለኪውሉን መንደፍ የእኔ ድርሻ፣ መለካት የእሱ።

ሞለኪውሉ ጅራት አለው። ጅራቱ ካጠረ በፈሳሽ አይሟሟም፣ ስለዚህም አይቀባም። ከረዘመ ደግሞ ሞለኪውሎቹ ይራራቁና ኤሌክትሪኩ ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገር ያቅተዋል። ሁለት ዓመት ጅራት ሳስረዝምና ሳሳጥር ኖርኩ። የቀሚስ ጠርዝ እንደ ማስተካከል ነው፤ ልዩነቱ ቀሚስ በአንድ ከሰዓት ተተርትሮ ይሰፋል፣ የእኔ አንዷ ጅራት ግን ሦስት ወር ትበላ ነበር። በመጨረሻ መካከለኛዋን አገኘሁ። ወጥ ላይ እንደሚንሳፈፍ የበርበሬ ዘይት ቀይ ነበረች።

ውጭ አገር ያለ አንድ ቤተ ሙከራ የሁለታችን ፊርማ ያለበት ውጤት ይጠብቅ ነበር። ከወደዱት ሞለኪውሏን ይዘው ይቀጥላሉ፤ እኔንም ለዶክትሬት ይወስዱኛል። መለካት ብቻ ሲቀር ፀሐይን ተክቶ የሚያበራው የመለኪያው መብራት ተቃጠለ፤ ምትኩ ወራት ይፈጃል ተባለ። እንግዲያውስ በእውነተኛዋ ፀሐይ እንለካለን አልን። አባቴ እንጦጦ ላይ ደን ጠባቂ ነበር፤ ቤታችን ከፈረንሳይ ሰፈር በላይ ባሕር ዛፉ ውስጥ፣ የከተማው ጭስ የማይደርስበት ቦታ ነው።

ጥቅምት ነበር። ሰማዩ ታጥቦ የተሰጣ ይመስላል፤ መንገዱ ጥላ ባለበት ገና ጭቃ ነው። ቀይዋ የተቀባችባቸውን መስታወቶች አየር እንዳይነካቸው ናይትሮጅን በሞላሁት የማርማላታ ጠርሙስ አሽጌ በነጠላዬ ጠቅልዬ ያዝኩ። አየር ከነካቸው አንድ ሰዓት አይቆዩም።

«አስኩ፣ ባል ስታገቢም እንዲህ ታቅፊዋለሽ?» ይለኛል ደምሴ፣ የመለኪያ ሳጥኑን ተሸክሞ እያለከለከ።

ያስቀኝ ነበር። ያንን አልክድም።

አባቴ የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ አቀረበልን። በልተን፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ደጅ ላይ መለካት ጀመርን። ጥቁሯን ወረቀት ከራጅ ፊልም መጠቅለያ ቆርጬ፣ ወደ ፀሐይ የሚዞረው ገጿ ላይ ጽፌ ያዘጋጀኋት እኔ ነኝ። መስታወቷ ላይ ስትደረግ ብርሃን በቀዳዳዋ ብቻ ይገባል፤ የገባበት ስፋትም በትክክል ይታወቃል። ወረቀቷ ከሌለች ከጎን የሚሾልከው ብርሃን ውጤቱን ያሳብጠዋል። ሥጋ ሲመዘን ሚዛኑን በጣት እንደ መጫን ያለ ነገር ነው።

በወረቀቷ ለካን። ከመቶ አንድ። ከሚወርድባት ብርሃን ከመቶ አንድ እጁን ወደ ኤሌክትሪክ ትለውጣለች ማለት ነው። ውሃ ልጠጣ ቤት ገብቼ ስመለስ ደብተሩ ላይ «ሁለት» ተጽፏል፤ ወረቀቷ የለችም።

«ወረቀቷስ?»

«ንፋስ ወሰዳት።»

ቅጠል አይነቃነቅም ነበር።

«ያለሷ የተለካ አይቆጠርም፣ ደምሴ።»

«በአንድ ማንም አይወስድሽም። የምትሄጂው በሁለት ነው። ለማን ብዬ መሰለሽ?»

እንደገና እንዳንለካ ቀይዋ አየር ነክቷት መጥቆር ጀምራለች። ሌላ ለመሥራት ደግሞ ዱቄቱ አልቋል። እውነቱን ለመናገር፣ ሁለት ቢሆን ለእኔም ይበጀኝ ነበር፤ ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ግን አልፈርምም አልኩ።

አማካሪያችን ነገሩን በኮሚቴ ማየት ይችል ነበር። እሱ ግን «ልጆች ናቸው፣ ሽማግሌ ያስታርቃቸው» አለ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሦስት ሰዎች እንጦጦ ወጡ። ስማቸውን መጻፍ እችላለሁ፤ ልጆቻቸው ስላሉ ተውኩት። አባቴ የተማሩ ሰዎች ቤቱን ስለረገጡ ኮርቶ በጉን አርዶ ጠበቃቸው።

«ለመሆኑ የሚያጣላችሁ ልዩነት ስንት ነው?» አሉ ትልቁ ሽማግሌ።

«አንድ ነው» አለ ደምሴ።

«ለአንድ ነው እንዴ ይሄ ሁሉ?»

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ሳቁ ሲበርድ ሽማግሌው ጋቢያቸውን አስተካከሉ። «እንግዲህ እሱም ይውረድ፣ አንቺም ትንሽ ከፍ በይ፣ ልጄ። አንድ ተኩል ይሁን።»

«አባባ፣ ይሄ የድንበር ጠብ አይደለም። ፀሐይዋ የሰጠችን አንድ ነው» አልኳቸው።

«እምቢ ብትይ» አለ አባቴ ወደ መሬት እያየ፣ «እነዚህን ሰዎች ከደጄ ባዶ እጃቸውን መለስሽብኝ።»

ደምሴ ተነስቶ ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ አለ። ይቅር ለእግዚአብሔር አልኩ። አንድ ተኩል ተብሎ ተጻፈ፤ ማንም ለክቶት የማያውቅ ቁጥር። ፈረምኩ። ሁለት ዓመት ለፍቼ ያገኘሁት ልክ መካከለኛው ጅራት ነበር፤ በተለካ ቁጥር ግን መካከለኛ የሚባል ነገር የለም፣ ያውም ፊርማዬ ባለበት።

ቤተ ሙከራው የላክነውን አሠራር ተከትሎ ሞለኪውሏን ደጋግሞ ሠርቶ ለካት። አንድ ነው ያገኙት። በጨዋ ቋንቋ ጻፉልን፦ አንድ ብላችሁ ብትልኩልን ጥሩ መነሻ ይሆን ነበር፤ የላካችሁትን ቁጥር ማመን ስላልቻልን ግን አንቀጥልም። አባቴ ደብዳቤው ምን እንደሚል ሲጠይቀኝ ቦታ ሞልቷል ይላል አልኩት። ደምሴ በዓመቱ በሌላ ሥራ ወደ ሌላ አገር ሄዶ ዶክተር ሆኖ ተመለሰ። እኔ ወደ ጠመኔዬ ተመለስኩ።

ሻዩን ይዤ ስገባ ሜሮን የአባቷን የሕይወት ታሪክ ረቂቅ ዘርግታ ጠበቀችኝ። «እዚህ ጋ እስቲ ይዩልኝ» አለች። ዶክተር ደምሴ በወጣትነቱ ከአንዲት ባልደረባው ጋር ከመቶ አንድ ተኩል ውጤት ያስመዘገበ ሶላር ሠርቷል ይላል። ባልደረባዋ ስም የላትም።

ሙት አይወቀስም ይባላል። አልወቀስኩትም። ፈተና አርምበት የነበረውን ቀይ እስክሪብቶ አንስቼ «ተኩል» የሚለውን ሰረዝኩ።

«አንድ ብቻ? አነሰ እኮ፣ እትዬ።»

«የለካነው አንድ ነው።»

ጥቁሯን ወረቀት ምን እንደሆነች ነገርኳት፤ ንፋስ ወሰዳት መባሉን ጭምር። አንገቷን ደፍታ ሰማችኝ። ደምሴ ያን ሁሉ ዘመን ለምን እንዳስቀመጣት አላውቅም። ጸጽቶት ነው የሚሉኝ ይኖራሉ፤ ከጸጸተው ቤቴን ያውቀው ነበር።

ሜሮን ሻይዋን ሳትጨርስ ተነሳች። መጽሔቷ ስትታተም የትኛው ቁጥር እንደሚወጣ የእሷ ጉዳይ ነው። እደረጃው ድረስ ሸኝቻት፣ ሽማግሌ ብቻ እንዳትልክብኝ ነገርኳት።