«ታይም» ሲሉኝ

ኮሮናው ትንሽ ፋታ ሰጥቶን ሜዳዎች በተከፈቱበት በፈረንጆቹ 2021፣ በሠላሳ ስድስት ዓመቴ፣ ከአገሬ ርቄ በምኖርባት ኮለምበስ ከተማ እንደገና ኳስ ተጫዋች ሆንኩ። ቡድኑ እሑድ እሑድ ጠዋት የሚጫወት የትልልቅ ሰዎች ቡድን ነው፤ አሰልጣኙ ጡረታ የወጣ እንግሊዛዊ። ኮምቦልቻ ሳለሁ አማካይ ነበርኩ፤ ኳስ እግሬ ላይ ካረፈች ቀና ብዬ ሜዳውን ሳላይ አለቃትም ነበር እንዴ? እንግሊዛዊው ልምምድ ላይ ይህን አይቶ መሐል ሜዳ አቆመኝ። ቤቴ ገብቼ ለባለቤቴ «ቦታዬን አገኘሁ» አልኳት።

ችግሩ ግጥሚያ ሲጀመር መጣ። ጨዋታቸው በእንግሊዝ ወግ ነው፤ ሩጫ፣ ግፊያ፣ ጩኸት። ኳስ በደረሰኝ ቁጥር ከኋላዬ ያለው ተከላካይ፣ ቀይ ጺም ያለው ግዙፍ ሰውዬ፣ «ታይም! ታይም!» ይለኛል። ካናል ዊንቸስተር በምሠራበት የዕቃ መጋዘን፣ ዌርሃውሱ ውስጥ፣ ሱፐርቫይዘሩ ብሬክ ሲያልቅ በሩ ላይ ቆሞ የሚለን ይህንኑ ነው፤ ያኔ የጎረስከውን ሳትውጥ ትነሳለህ። ስለዚህ ኳሷን ሳላይ ወደፊት እለጋታለሁ። እሱ ጩኸቱን፣ እኔ ጥድፊያዬን ስንጨምር፣ በሦስት ግጥሚያ አንድ ደህና ኳስ ለሰው ሳላቀብል ቀረሁ። ሰውየውን ጠመድኩት። ጨዋታ ሲያልቅ ሰላም ሳልለው ወደ መኪናዬ እሄዳለሁ።

ከሦስተኛው ግጥሚያ በኋላ አሰልጣኙ ጠራኝና፣ የሚቀጥለውን ግጥሚያ አይቶ ካልተሻሻልኩ ቦታውን ለሌላ እንደሚሰጥ ነገረኝ። በትህትና ነው የነገረኝ፤ ትህትናው ይበልጥ አናደደኝ። ከዚያ ሜዳ ከወጣሁ ሌላ ሜዳ እንደማልገባ አውቀዋለሁ። በዚህ ዕድሜ ማን ይፈልገኛል?

በሚቀጥለው ግጥሚያችን ዋዜማ፣ ቅዳሜ ዕለት፣ እንደ ልማዴ ክሊቭላንድ አቬኑ ወዳለች፣ የእንግሊዝ ኳስ በቴሌቪዥን ወደምናይባት ሻይ ቤት ሄድኩ። ባለቤቱን ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። የምንደግፈው የእንግሊዝ ክለብ ከውጭ አገር አዲስ አማካይ አምጥቶ ነበር፤ ልጁ የእንግሊዝ ሩጫ አዙሮት ወራቱን ሙሉ ሲቀማ ሰንብቷል። ሌላው ሲሰድበው እኔ ሆዴን ይበላኝ ነበር። ስታዲየሙ በኮሮናው ምክንያት ባዶ ስለነበር ጋሼ ለማስመሰል የሚጨመረውን የደጋፊ ድምፅ አጥፍተውት፣ ተጫዋቾቹ የሚነጋገሩት ይሰማል። ልጁ ኳስ ሲደርሰው ከጓደኞቹ አንዱ «ታይም!» አለው። እኔ ከወንበሬ ተነሳሁ።

«ፍጠን እያሉት ይቆማል። አሁን ይቀሙታል በቃ» አልኩ።

ልጁ ኳሷን አቆመ፣ ዞረ፣ ቀና ብሎ አየና በግራ በኩል ለሚሮጠው አቀበለ።

«ማን ፍጠን አለው?» አሉ ጋሼ። «ታይም አለህ፣ ጊዜ አለህ፣ ማንም ተጠግቶ ፕሬስ አላደረገህም ነው የሚሉት። ሰው ሲመጣበትማ ‹ማን ኦን› ነው የሚባለው።»

«እርግጠኛ ነዎት ጋሼ?»

«ስንት ዓመት ጨዋታቸውን ዋች ሳደርግ ኖሬ። ምነው፣ አንተን ምን ብለውህ ነው?»

የሆነውን ነገርኳቸው። ጋሼ በሳቅ ጠረጴዛ ያዙ። «ሰውየው ጉሮሮው እስኪነቃ ተረጋጋ ይልሃል፣ አንተ ትጣደፋለህ» አሉ እንባቸውን እየጠረጉ። እኔም ሳቅሁ፤ አፈርኩም።

እሑድ የመጀመሪያዋ ኳስ መጣች። «ታይም!» አለ ቀይ ጺሙ። እግሬ ሊለጋት ሲቸኩል በግድ ያዝኩት። አቆምኳት፣ ዞርኩ፣ ቀና አልኩ። በአሥር እርምጃ ውስጥ ማንም የለም። ለካ ያን ሁሉ ሳምንት ይህን የሚያህል ሜዳ ነበረኝ። አቀበልኩ፤ ከዚያ በኋላም እንደ ድሮዬ ስጫወት ዋልኩ። ሁለት ለሁለት ወጣን። አሰልጣኙ ትከሻዬን መታ አድርጎ «በሚቀጥለው እሑድም መሐል ነህ» አለኝ። ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም።

ወደ መኪናዬ ከመሄድ ይልቅ ጫማውን ወደሚፈታው ቀይ ጺም ሄጄ፣ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ ሁሉንም ነገርኩት። ይስቃል ብዬ ነበር፤ አልሳቀም። «የምትጠላኝ መስሎኝ ነበር» አለኝ። «ሰላም ሳትለኝ በሄድክ ቁጥር፣ ምን አጥፍቼ ይሆን እያልኩ ሚስቴን እጠይቃት ነበር።»

እንዲህ ያለ ግዙፍ ሰው በእኔ ኩርፊያ ይጨነቃል ብዬ አስቤ አላውቅም። አጠገቡ ሣሩ ላይ ተቀመጥኩ፤ ያን ቀን ቤቴ የገባሁት የምሳ ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው።